ሳር የተጣለበት በገና

የባለቤቴ ወንድም የመጣው ጠዋት፣ ግቢውን ጠርጌ ሳልጨርስ ነው። ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ኩታውን እንደ በዓል ቀን አጣፍቷል። ገብቶ ሰላም ካለኝ በኋላ ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን ሶፋ ትቶ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር ሳበና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ፣ ከባለቤቴ ፎቶግራፍ አጠገብ፣ በገናው በጨርቅ ልብሱ እንደተሸፈነ ተሰቅሏል።

«እትዬ፣ ልወስደው ነው የመጣሁት» አለኝ።

«ዛሬውኑ?»

«ነገማ ምን ይረባኛል? ነገ የሆነው ሆኗል።»

መጥረጊያውን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ። ሌላ የማደርገው አልታየኝም።

የዚያን ቀን በዘጠኝ ሰዓት የልጅ ልጄ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ ኮንሰርት ነበራት። ግጥሙን ራሷ ትጽፋለች፣ ዜማውንም ራሷ ታወጣለች። እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ጊታር ይይዛል፣ አንዱ ኪቦርድ። እሷ የያዘችው በገና ነው። ስልክ ላይ የምታወጣቸውን ዘፈኖች የአዲስ አበባ ወጣቶች ያውቋቸዋል ይባላል። በገዛ ከተማዋ፣ ሰው ፊት ግን ተቀምጣ አታውቅም ነበር። የመጀመሪያዋ መሆኑ ነው።

በገናው የባለቤቴ አባት ንብረት ነበር። ባለቤቴ ወጣት መምህር ሆኖ ከጎጃም ወደ አርባ ምንጭ ሲመደብ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ አመጣው። ወንድሙም ኋላ እሱን ተከትሎ መጣ፤ እሱም አስተማሪ ሆነ፣ እሱም እዚሁ ጡረታ ወጣ። ልጅቷን ያሳደግናት እኛ ነን። እናቷ፣ አንድ ልጄ፣ ለጋሞ ሰው፣ ለዶርዜ ሸማኔ ተድራ ነበር። ልጅቷ ገና ፊደል ስትቆጥር እናቷ ሞተች። አባቷ አዲስ አበባ ሸማውን ይሠራል፤ ሌላ ቤተሰብ አለው። ባለቤቴ ልጅቷን በገና መቃኘት አስተማራት። እሱ ሲሞት የቀረውን ያስተማራት ወንድሙ ነው፤ ጅማቱን ከበግ አንጀት ማክረር፣ ከጅማቱና ጅማቱ ከሚያርፍበት ብርኩማ መሃል ቁራጭ ቆዳዎቹን እየሰኩ በገናውን ማናገር። ሁለት ዐቢይ ጾም እዚሁ ሳሎን ፊት ለፊት ተቀምጠው አሳለፉ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ልጅቷ የራሷን ነገር መደርደር ጀመረች። እሱ የሰማው ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሲወጡ አንዱ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ሲያሰማቸው ነው።

«ድምፅሽን አይደለም ያወቅሁት» አላት በማግሥቱ መጥቶ። «በገናውን ነው። የወንድሜን በገና።»

ነገሩ መውጫ የለውም ነበር። በጾም በገና ይደረደራል፣ ኮንሰርት ግን አይደረግም። ከፋሲካ በኋላ ኮንሰርት ይደረጋል፣ በገና ግን ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ልጅቷ ምን ብትመርጥ በአንደኛው በኩል ትሳሳታለች። ሌላ በገና በከተማው አይጠፋም፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያውስ ግን የለም። በገናው ከግድግዳው ወርዶ ወደ አዳራሽ ከሄደ ከባለቤቴ ወገን የቀረኝን አንድ ሰው አጣለሁ። ወንድሙ ይዞት ከሄደ ደግሞ ልጅቷን። ይህን ያህል አውቅ ነበር። ለማን እንደማደላ ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

«ልጅቷ የት ናት?» አለኝ።

«አዳራሹ። ማይክሮፎኑን ሊያዩ ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ በገናውን ልትወስድ ትመጣለች።»

«እስክትመጣ እጠብቃለሁ። ተሰውሮ ወሰደው እንዳትል።»

ቁርስ አቀረብኩለት፤ አልነካውም። ሻይ ብቻ ጠጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ፀሐይዋ ስትወጣ ግቢው እንደ ድስት ይተን ጀመር። በእንዲህ ያለ ቀን ጅማቱ ይላላል። እሱም ይህን ሲያስብ ነበር መሰለኝ፣ ተነስቶ የበገናውን ልብስ ገለጥ አደረገና በአውራ ጣቱ አንዱን ጅማት ነካው። መልሶ ሸፈነው።

የልጅቷ የአባቷ አባት የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ከዶርዜ ከዘመዶቹ ጋር በሚኒባስ ወርዶ፣ እነሱን ወደ አዳራሹ ልኮ ብቻውን ወደ እኔ መጣ። ልጅቷ ከኋላዋ ቆመው እንዲያዜሙላት የአባቷን ወገኖች ጠይቃ ነበር፤ ዶርዜዎች ሲያዜሙ አንዱ ድምፅ ሌላውን እየተቀበለ ነው። ሽማግሌው በአገሩ የተከበረ ነው። ሰው ሲጣላ ይጠሩታል። አማርኛውን ሲናገር ወንዱንና ሴቱን አንዳንዴ ያምታታል፣ አንቱ ማለትም አይሆንለትም። ጋቢው ከደጋው የያዘው የጭጋግ እርጥበት ገና አልደረቀለትም።

ገና በሩ ላይ ሳለ የባለቤቴን ወንድም አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

«እህቴ፣ በዚህ ቤት ምን አለ?» አለኝ።

«በገናውን ሊወስድ መጥቷል።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ሻንጣውን አስቀምጦ ተመልሶ ወጣ። ከአጥሩ ሥር፣ ከሙዙ አጠገብ፣ ሲያጎነብስ በመስኮት አየሁት። እርጥብ ሳር ጭብጥ ሙሉ ይዞ ገባና ከበገናው በታች ተንበርክኮ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈው። ውሃው ከሳሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ብድግ አለ። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ሳር ነው።»

«ሳር መሆኑንማ አያለሁ!»

«ካየህ አትሻገር።»

የጋሞ ሽማግሌ ጠብ ለማቆም ሳር ከጣለ ያንን መሻገር እርግማን እንደሚያመጣ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። የባለቤቴ ወንድምም ግማሽ ዕድሜውን የጋሞ ልጆች ሲያስተምር የኖረ ነው። አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፤ መለሰው።

«እኔ የእርስዎ አገር ሰው አይደለሁም» አለ።

«የት ነው የምትበላ? የት ነው የምትቀበር?»

ተመልሶ ተቀመጠ። ሽማግሌውም መሬት ላይ፣ ከሳሩ ወዲህ ተቀመጠ። እኔ ወደ ጓዳ ሄድኩ። አንድ ነገር ዳነ ብዬ አስቤ ነበር።

ልጅቷ የመጣችው እየሮጠች ነው። የመጣችበት ባጃጅ ውጪ ይጠብቃታል። የጋሞ ዱንጉዛ፣ ያንን ቀይና ቢጫ ጥለት ያለውን ጨርቅ፣ ቀሚስ አሰፍታ ለብሳለች። ሁለቱን ሽማግሎች አንድ ላይ ስታይ ደንገጥ አለች፤ ግን አጎንብሳ ጉልበታቸውን ሳመችና እጇን ወደ በገናው ሰደደች። ያኔ ሳሩን አየችው። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ማነው የጣለው?»

«እኔ» አለ አያቷ፣ ደስ ብሎት። «እሱ እንዳይወስድብሽ።»

«ጎሽ አባባ። በል አሁን አንሳልኝ፣ ረፍዶብኛል።»

ሽማግሌው ፈገግታው ጠፋ። ሳሩን አየ፣ እሷን አየ። ያላሰበው ነገር አሁን የመጣበት መሆኑን ከፊቱ አነበብኩ።

«ጥዬዋለሁ እኮ» አለ። «ነገሩ ሳይሰማ እንዴት አነሳዋለሁ?»

«ለእኔ ብለህ አይደል የጣልከው?»

«ለአንቺ ነበር። ሳሩ ግን አንቺን አያውቅም። ሁለቱም ወገን አይነካም።»

የባለቤቴ ወንድም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እንግዲህ አያትሽ አሰረልን። ሁለታችንንም።»

«አባባ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሰው ይሞላል!»

«ስለዚህ ቶሎ ተናገሩ» አለ ሽማግሌው። «መጀመሪያ እሱ።»

የባለቤቴ ወንድም ቆሞ ተናገረ፤ ክፍል ውስጥ እንደሚናገር። በገና ምስጋናና ጸሎት ነው አለ። አባቱ ሲደረድሩ ጫማ ያወልቁ እንደነበር፣ እነዚህን ጅማቶች ለልጅቷ ያከረረላት እሱ እንደሆነ ተናገረ። «በማኅበሩ የእሱ ተማሪ ናት እያሉ ነው። ይበሉ። የሚያመኝ እሱ አይደለም። እኔ እጇን ይዤ ያሳየኋትን ነገር ሰው ቢራ ጠጥቶ ሊያጨበጭብበት ነው።»

«ቢራ አይሸጥም» አለች ልጅቷ።

«ተራሽ ሲደርስ» አለ አያቷ።

ተራዋ ሲደርስ ወደ ባለቤቴ ወንድም ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያስተማሩኝ በገና ስለምን ያወራል?»

«ስለ ሞት። ስለዚህ ዓለም ከንቱነት።»

«የእኔም ስለ ሞት ነው። ስለ እናቴ ነው። እናቴ ስትሞት ያለቀስኩት በአማርኛም በጋሞኛም ነው። ሌላ መሣሪያ ሞክሬያለሁ፣ አላለቅስ አለኝ። ይኸው ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «ሟቹ ምን ይል ነበር? አንተ ታውቃለህ» አለኝ።

ሦስቱም አዩኝ። የልጅቷ ዓይን ምን እንዳለኝ ይገባኛል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት፤ ደስ ይለው ነበር ብል ይበቃል፣ የሚያስተባብልም የለም።

«ሰው ፊት ደርድሮ አያውቅም» አልኩ። «እንግዳ ሲገባ ያቆም ነበር። እኔም የምሰማው ከጓዳ ሆኜ ነው። እሷን በተመለከተ ያለው ነገር የለም፤ የእሷን ዘፈን ሳይሰማ ነው የሞተው።»

«እማዬ!» አለች።

«የማውቀው ይህን ነው።»

ፊቷን አዞረችብኝ። የባለቤቴ ወንድም ግን እንደ አሸናፊ አላየኝም። አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ጢሙን እያሻሸ ቆየ። ባጃጁ ውጪ ጡሩንባውን ነፋ።

«ዛሬ አያልቅም» አለ በመጨረሻ። «በሳምንቱ እዚሁ፣ በዚሁ ሰዓት እንቀመጥ። ያን ቀን የቀረ ሰው፣ ለቀቀ ማለት ነው። እስከዚያ በገና የማንም አይደለም። ለብቻ ከተወሰደ ሳሩ ተረገጠ። ሁለታችሁ አብራችሁ ከያዛችሁት ግን ይሄዳል፣ አብራችሁ ትመልሱታላችሁ።»

«እኔ ኮንሰርት ልሂድ?» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«ምነው፣ ትፈራለህ?»

«የማይሆን ነገር ከሰማሁ ከመድረኩ ላይ አነሳዋለሁ። ሰው ፊት።»

«ያንሱት» አለች ልጅቷ።

በሁለት ባጃጅ ሄድን። የባለቤቴ ወንድም በገናውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ፣ ልጅቷ ከላይ ቀንበሩን ይዛ፣ እኔ ጥጉ ላይ። ዶርዜው ከኋላ ይከተለናል። ሹፌሩ በመስታወቱ አየና «እንዴ፣ ጾም ገባ እንዴ እማማ?» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወጣቶቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። ያልጠበቅሁት ፊት ያሉትን ወንበሮች ነው፤ ከማኅበሩ ሴቶች ብዙዎቹ መጥተዋል። ሊሰሙ ይሁን ሊመሰክሩ አላወቅሁም። የባለቤቴ ወንድም በመጀመሪያው ረድፍ ዳር፣ ከመድረኩ ደረጃ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የበገናው ልብስ ጭኑ ላይ ነው። እኔ አጠገቡ። ከዚያ በኋላ ከመድረኩ ይልቅ የማየው የእሱን እጅ ነበር።

አስተዋዋቂው ብዙ ከጮኸ በኋላ ልጅቷ ወጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ በገናውን አቀፈች። የመጀመሪያውን ጅማት ስትመታ ያ የበገና ንዝረት በድምፅ ማጉያው በኩል አዳራሹን ሞላው። ድምፅ የሚቆጣጠረው ልጅ የተበላሸ መስሎት እየሮጠ ወጥቶ ሽቦ ይነቃቅል ጀመር። «ተወው፣ እንደዚያ ነው የሚጮኸው!» አለችው በማይክሮፎኑ። ወጣቶቹ ሳቁ። የባለቤቴ ወንድም እጁ የበገናውን ልብስ ጨበጠ።

የመጀመሪያው ዘፈን ያለ ስህተት አለቀ። ከዚያ ዝም። አንድ ሰው አላጨበጨበም። አስተዋዋቂው «አርባ ምንጮች፣ እጃችሁ የት አለ?» ብሎ ጮኸ። ማንም። እኔ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ስበዋል፣ ወጣቶቹም ስልካቸውን አውርደዋል። ለበገና አይጨበጨብም። ከልጅነታቸው የሰሙት በጾም ነው፣ እጃቸው እሺ አላላቸውም። ልጅቷ ግን ይህን አላወቀችም። ብቻዋን ክፍል ውስጥ ለስልክ ስትደረድር የኖረች ናት። የጠሏት መሰላት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ወደ እኔ ተመለከተች፤ በዚያ ርቀት ምን ብዬ ልንገራት?

ቢሆንም ሁለተኛውን ጀመረች።

ጭጋጉ ወረደ ከቤታችን ጓሮ፣
ለእናቴ በሩን ማን ይክፈት ዘንድሮ።

የባለቤቴ ወንድም ተነሳ።

ወንበሩ ሲንቋቋ ብዙ ሰው ዞረ። በግራው የመድረኩ ደረጃ አለ፣ በቀኙ በሩ። መሃል ላይ ቆመ። ልጅቷ አየችው። ጣቶቿ አላቆሙም፤ ድምፅዋ ግን እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ሊጠፋ ደረሰ። ያኔ ከኋላዋ የቆሙት ዶርዜዎች ያለ ተራቸው ገቡ። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ወንዶቹ። የወደቀውን ድምፅዋን አነሱት። ለዚያች ለእናቷ፣ ለእኔ ልጅ፣ በጋሞኛ ነበር የሚያዜሙት። ልጄ ከሞተች ወዲህ ሰው በአደባባይ ስለ እሷ ድምፁን ሲያነሳ አልሰማሁም ነበር።

የባለቤቴ ወንድም የበገናውን ልብስ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ወደ በሩ ሄደ፣ ወጣ።

ተነስቼ መከተል ይገባኝ ነበር። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ከእንዲህ ያለ ቦታ ብቻውን አይወጣም፤ እሱም እንደማልቀር እርግጠኛ የነበረ ይመስለኛል። ልብሱን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁና እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ።

ኋላ ስንወጣ ደጅ አልነበረም። አብሮ መመለስ የነበረበት ሰው ስለሌለ በገናውን ዶርዜው ሽማግሌ በእሱ ፈንታ ያዘ። ልጅቷ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ለምን አላጨበጨቡም?» ነገርኳት። ብዙ መንገድ ሄደን «እንዲህ ከሆነ ሰምተውኛል» አለች። ስለ ምስክርነቴ ግን ቂሟን ገና አልረሳችም፤ ከባጃጁ ስወርድ እጄን አልያዘችም።

በሳምንቱ ሽማግሌው በቃሉ መጣ። ወንበር አወጣሁ፣ ለባለቤቴ ወንድምም ሶፋውን አጸዳሁለት። ሰዓቱ ደረሰ፤ አልመጣም። ልጅቷ ስልኳን አነሳች።

«ታመው ይሆናል። ልደውልላቸው?»

«አይደወልም» አለ አያቷ። «ተጠርቶ የመጣ አይቆጠርም። እንጠብቅ።»

«እኔ በገናው እንዲቀርልኝ እንጂ እሳቸው እንዲቀሩብኝ አልፈለግኩም» አለች። እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ ለማን እንደተናገረች ግን አላውቅም፣ ግድግዳውን እያየች ነበር።

ሽማግሌው ውሃ ጠማኝ አለ። ከግቢው ቧንቧ ልቀዳ ወጣሁ። ጆጉን ስሞላ በአጥሩ ቀዳዳ ማዶ ያለው ሱቅ ይታየኛል። ከሱቁ ፊት ባለው አግዳሚ ላይ የባለቤቴ ወንድም ተቀምጧል። ሸሚዙን ቆልፏል፣ ኩታውን አጣፍቷል። ለስላሳ መጠጥ አዞ አልከፈተውም። በሬን ያያል፣ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ መልሶ በሬን ያያል።

መጥራት እችል ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድምፄን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልገኝም። ጆጉ ሞልቶ በእጄ ላይ ፈሰሰ። እሱም ሰዓቱን ለመጨረሻ ጊዜ አየ፣ ጠርሙሱን ለባለሱቁ መለሰ፣ ተነሳና ቁልቁል ወደ ቤቱ ሄደ። ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው። ለካ ሰዓቱ እስኪያልፍ ነው የጠበቀው።

ቧንቧውን ዘጋሁና ገባሁ። ለሽማግሌው ውሃውን ሰጠሁት።

«ያየኸው ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ጠጥቶ ጨረሰና ተንበርክኮ ሳሩን ይለቅም ጀመር።